የውስጡን ምስማር ማንም አልጠየቀም

ኤልከና ፕሩት ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያነሳው መዶሻውን አይደለም፤ ዘንጉን ነው። ዘንጉ ረዥም ብረት ነው፤ በሁለቱም ጫፎቹ ወደ ታች የታጠፈ ጥርስ አለው፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ልክ መሆን አለመሆኑን የሚናገረው እሱ ነው። ኤልከና አንደኛውን ጥርስ ከማዶኛው ሐዲድ ጋር ያስጠጋና በጫማው ጫፍ ረገጥ አድርጎ ያስይዘዋል። ከዚያ ወደዚህኛው ሐዲድ ተሻግሮ ያጎነብሳል። ጉልበቱ ቀጭ ይላል። የዘንጉን ሌላ ጥርስ በአውራ ጣቱ ይዳስሰዋል፤ በጥርሱና በሐዲዱ መካከል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካገኘ "ግፋ!" ይላል፤ ዲጂኖ የያዘው ሠራተኛ ሐዲዱን ይገፋል። "በቃ!" ሲል ይቆማል።

ያን ጊዜ ከከረጢቱ ምስማር ያወጣል። አፈሩን በሱሪው ይጠርገዋል። አናቱን ወደ ሐዲዱ አዙሮ በሦስት ጣቶቹ አግዳሚው እንጨት ላይ ያቆመዋል፤ ሁለቴ በቀስታ ነካ ነካ ያደርገዋል። ምስማሩ ራሱን ችሎ ሲቆም እጁን ያነሳል፣ እግሩን ከፈት ያደርጋል፣ መዶሻውን ከትከሻው በላይ አንስቶ በገዛ ክብደቱ እንዲወድቅ ይለቀዋል። አራት ጊዜ። አምስተኛው ምት ሳይሆን ማባበል ነው። ከዚያ ጎረምሶቹን የሚያስቃቸውን ነገር ያደርጋል፤ ዘንጉን አንስቶ እዚያው ቦታ ላይ፣ እንደገና ከማዶኛው ሐዲድ ጀምሮ፣ ሁለተኛ ይለካል።

"አጎቴ ኤልከና፣ ለሐዲዷ የሠርግ ልብስ ልታሰፋላት ነው እንዴ?" ይለዋል አንዱ።

"አሁን ለካሃት እኮ! በሁለት ደቂቃ ከሳች ብለህ ነው?" ይላል ሌላው።

"መክሳቷ አያሳስበኝም" ይላል ኤልከና ቀና ሳይል። "ስትወፍር ነው ሰው የምትጎዳው።"

እኔ የዚህ የሐዲድ ክፍል የመሣሪያ አንጥረኛ ነኝ። ዲጂኖ እስላለሁ፣ የተጣመመ ዘንግ አቀናለሁ፣ ለመዶሻ እጀታ እገጥማለሁ። ከኤልከና ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንሠራ ለምን ሁለት ጊዜ እንደሚለካ አላውቅም ነበር፤ የነገረኝ አምና ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ አንድ ሰው፣ በሕይወት ካለ፣ "የሰው እግር ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ" ብሎ ካመነ ሃያ አምስት ዓመት ሞላው። እሱ አላስቆረጠም። ኤልከና ይህን ሊነግረው ይፈልጋል፤ የት እንዳለ ግን አያውቅም። ጻፍልኝ አለኝ፤ እኔም እንደነገረኝ እጽፋለሁ።

ኤልከና የተወለደው እዚሁ ጆርጂያ፣ ጥጥ እርሻ ላይ ነው። ከባርነት ነጻነት ሲታወጅ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። ሃያ ሁለት ሲሞላው ሐዲድ ላይ ተቀጠረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከዊሊስ ታግል ጋር የመዶሻ ጓደኛ ሆነ። የመዶሻ ጓደኛ ማለት ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው አንድ ምስማር በየተራ የሚመቱ ናቸው፤ የአንተ መዶሻ ሲነሳ የእሱ ይወድቃል። አንዱ ከሳተ የሌላው ቅልጥም ሄደ ማለት ነው። እኛ ዘንድ "ከሚስትህ በፊት የመዶሻ ጓደኛህን ምረጥ" ይባላል።

ዊሊስ ቁመቱ ረዥም፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ግራኝ ነበር። ግራኝነቱ ለኤልከና ተመቸው፤ ሁለቱ ሲመቱ አንድ ሰው ከመስታወት ጋር የሚሠራ ይመስል ነበር። በቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነው፤ በሥራ ቦታ ደግሞ ሐዲድ ሲገፋ ዜማ የሚያወጣው እሱ ነው። አሥራ ሁለት ሰው ዲጂኖውን ሐዲዱ ሥር ሰክቶ የእሱን አፍ ይጠብቃል፦

"የኤልከና ሚስት የጋገረችው የበቆሎ ዳቦ ነው ይሄ ሐዲድ፤ አይቆረስም፣ አይነቃነቅም፣ ሆ!"

በ"ሆ!" ሁሉም ይገፋል። ነጩ ካቧችን፣ ካፕቴን ሃስኪንስ የምንለው፣ ጥላው ሥር ተቀምጦ ግጥሙን ሳይሰማ እግሩን ብቻ ያወዛውዛል። አንዳንዱ ግጥም ስለ እሱ ነበር።

ስምንት ዓመት እንዲህ ኖሩ። የኤልከና ሚስት ሌቲ የዊሊስን የበኩር ልጅ ያዋለደችው ራሷ ናት።

ከዚያ ሐዲዱ የሚጠብብበት ዓመት መጣ፤ 1886 እ.ኤ.አ.። የደቡቡ ሐዲድ ስፋቱ አምስት ጫማ ነበር፤ የሰሜኑ ከዚያ ሦስት ኢንች ያህል ይጠባል። ከዚያ የመጣ ፉርጎ እኛ ጋ አይገባም፣ የእኛም እዚያ አይገባም፤ ድንበር ላይ ጭነት ሲገለበጥ፣ መንኮራኩር ሲቀየር፣ ቀን ይባክን ነበር። ስለዚህ የደቡብ ኩባንያዎች በሙሉ ተስማሙ፤ በግንቦት መጨረሻ፣ በሁለት ቀን ውስጥ፣ በመላው ደቡብ፣ አንደኛው ሐዲድ ሦስት ኢንች ወደ ውስጥ ይገፋ ተባለ። ከአሥር ሺህ ማይል በላይ ሐዲድ። በሁለት ቀን። ዊሊስ ይህን ሲሰማ "ፈጣሪ እንኳ ስድስት ቀን ወስዶበታል" አለ ይባላል።

ታዲያ የተቻለው አስቀድሞ ስለተዘጋጀ ነው፤ የዚህ ታሪክ ጣጣም ያለው ዝግጅቱ ላይ ነው። ሐዲዱ በሚገባበት አዲስ ቦታ፣ ከውስጥ በኩል፣ ከቀኑ በፊት ምስማር ይመታል። ቀኑ ሲደርስ አሮጌው የውስጥ ምስማር ይነቀላል፣ ሐዲዱ ይገፋል፣ አዲሱን የውስጥ ምስማር ሲነካ ይቆማል፣ ከዚያ ከውጭ በኩል ይቸነከራል። እንግዲህ ስፋቱን የሚወስነው ከውጭ የሚመታው አይደለም፤ አስቀድሞ የተመታው የውስጡ ነው። ይህችን ያዙልኝ።

ደንቡ ለእያንዳንዱ የውስጥ ምስማር ዘንጉን ከማዶኛው ሐዲድ አንስቶ መለካት ነበር። ቀርፋፋ ሥራ ነው። ኤልከና አንድ ዘዴ አመጣ። ልክ ሦስት ኢንች ስፋት ያለው የኦክ ጣውላ ቆረጠ። ጣውላዋን ከሚገፋው ሐዲድ ጋር ማስጠጋት፣ ከጎኗ ምስማሩን መምታት፣ ማለፍ። ማዶ መሄድ የለ፣ ማጎንበስ የለ። ሌላው አንድ ሲመታ እሱ አራት መታ።

ካፕቴን ሃስኪንስ አየና ጭኑን በጥፊ መታ። "ኤልከና! ቆዳህ ባይጠቁር ኖሮ መሐንዲስ ነበርክ እኮ!"

"ደስ አለኝ" ይላል ኤልከና። "ስድብ መሆኑ የገባኝ ቤቴ ስደርስ ነው። ያን ሰዓት ግን ደስ አለኝ።"

ጣውላዋ ቀጥ ባለው ሐዲድ ላይ ምንም አይወጣላትም። መታጠፊያ ላይ ግን አሮጌው ሐዲድ ራሱ ቦታው ላይ አይደለም፤ ባቡር በታጠፈ ቁጥር ወደ ውጭ እየገፋው ዓመታት ኖሯል። ሦስት ኢንች ብለህ ከእሱ ብትለካ ከተሳሳተው ቦታ ለካህ ማለት ነው። ይህን ከሐዲድ ሠራተኛ ደንቆሮ የተባለው እንኳ ያውቃል። ኤልከናም ያውቅ ነበር። ስለዚህ ለጥድ ወንዝ መታጠፊያ ዘንግ ይዞ ሄደ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ዊሊስ በሌላው የክፍሉ ጫፍ ይሠራ ነበር። ዝናብ ጣለ። ሰማንያ አግዳሚ እንጨት ቀርቶታል፣ ጀርባው አልቋል፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሄዷል።

"ረስቼው ቢሆን ኖሮ ሸክሙ ይቀለኝ ነበር" አለኝ። "አልረሳሁትም። ዘንጉን ሣሩ ላይ አጋደምኩና ጣውላዋን ከኪሴ አወጣሁ። 'ለዛሬ ትሁን' አልኩ። ይኸው ነው።"

በማግስቱ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ ዊሊስ ክንዱን ያዘው።

"መታጠፊያውን በዘንግ ለካኸው አይደል?"

"እንዴታ!"

"ዝናብ ስለነበር ነው የጠየቅኩህ።"

"አንተ ሰው፣ የሐዲድ ነገር ለሰኞ አቆየውና ዛሬ ስለ ኃጢአትህ አስብ" አለው ኤልከና። ሁለቱም ሳቁ።

ሐዲዱ የሚገፋበት ቀን ሰኞ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ጀመሩ። አሮጌ ምስማር ነቃዮች ከፊት፤ ኤልከና ከእነሱ ጋር ነበር። ገፊዎች ከኋላቸው። ከሁሉም ኋላ የውጭ ምስማር መቺዎች፤ ዊሊስ እዚያ ነበር፣ ከሌላ ሰው ጋር ተጣምሮ። ባቡር ቶሎ እንዲያልፍ ከሦስት አግዳሚ እንጨት አንዱ ብቻ ይቸነከር፣ ሌላው በሳምንቱ ይሟላ ተብሏል። ካፕቴን ሃስኪንስ ዘንግ ይዞ እየተከተለ ማረጋገጥ ነበረበት። ቀጥታው ላይ እዚህም እዚያም ለካ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ሰዓቱን አየና አለፈው፤ ምክንያቱም አንደኛ የወጣ ክፍል አሳማ ይታረድለታል ተብሎ ነበር። ለአሳማው አልነበረም ካፕቴኑ የሮጠው፤ ለስሙ ነው። ሠራተኞቹ ግን ለአሳማው ሮጠዋል።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የክፍላቸውን ስምንት ማይል ጨረሱ። አንደኛ። አሳማው ተጠበሰ። ዊሊስ አንድ ቅልጥም አንስቶ ካፕቴኑ በማይሰማበት "ይሄስ ቁርጥ ካቧችንን ነው፤ ላብ ሳያወጣ ነው የወፈረው" አለና ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ኤልከናም ሳቀ። ያን ቀን ከልቡ የሳቀው የመጨረሻ ሳቅ እንደሆነ ነው የሚናገረው።

ማክሰኞ ቀላል ባቡሮች አለፉ። ረቡዕ ጠዋት እንጨት የጫነ ባቡር መጣ። ጥድ ወንዝ መታጠፊያ ላይ ሞተሩ አለፈ፤ ክብደቱ ግን ሐዲዱን ከፈተውና አራተኛው ፉርጎ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ወደቀ፤ ከኋላው ያለው ተገለበጠ። ፍሬን የሚይዘው ሠራተኛ ዳን ሌድቤተር የተገለበጠው ፉርጎ ላይ ቆሞ ነበር። ዘለለ። ፉርጎው ግራ እግሩ ላይ አረፈ። ሐኪሙ ከጉልበቱ በላይ ቆረጠው። ዳን የዚሁ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበር፤ ሃያ አራት ዓመቱ።

ኤልከና በእጅ በሚገፋው ጋሪ ከሌሎቹ ጋር ደረሰ። ዳንን ካነሱት በኋላ ሁሉም የሚያየው የውጭ ምስማሮቹን ነበር፤ ጎብጠው፣ ከእንጨቱ ወጥተው ተረፍርፈዋል። ሐዲዱ ሲከፈት የገፋው እነሱን ነውና የሚታየው ጥፋት ሁሉ የእነሱ ይመስላል። ኤልከና ግን ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሐዲዱ ሳይነካ ወደቀረበት ሄደ። ሰው እንዳያየው በጀርባው ከልሎ ዘንጉን አስቀመጠ። ልክ ሊሆን ከሚገባው ሰባት ስምንተኛ ኢንች ይሰፋል። ዘንጉን አነሳ። ሌላ ቦታ አልለካም።

ሐሙስ ከዋናው ቢሮ አንድ ሰውዬ መጣ። ሠራተኛውን በሙሉ የመሣሪያ ቤቱ ፊት አሰለፉት።

"መታጠፊያው ላይ የውጭ ምስማር የመታው ማነው?"

"እኔ ነኝ ጌታዬ" አለ ዊሊስ። ጥንዱ የነበረው ሰው ከሌላ ክፍል በውሰት የመጣ ነበርና ተመልሷል።

"ታዲያ ለምን ወጡ?"

"የእኔ ምስማሮች ልክ ነበሩ ጌታዬ። እያንዳንዱ።"

"ልክ የሆነ ምስማር ይወጣል?"

የዊሊስን መልስ ሳይጠብቅ ሰውዬው ወደ ካፕቴን ሃስኪንስ ዞረ። ካፕቴኑ ወደ ኤልከና አየ፤ ለአንድ አፍታ ብቻ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ጫማው መለሰ። ጣውላዋን ያውቃል። ራሱም መታጠፊያውን ሳይለካ ማለፉን ያውቃል። "የውጭ ምስማሩ ነው" አለ። "ምን ጥርጥር አለው።"

"የውስጡንስ ማን መታው? ብለው ቢጠይቁ ኖሮ እኔ ነኝ እል ነበር" ብሎኛል ኤልከና። "አፌ ላይ አዘጋጅቼ ቆሜ ነበር። የጠየቀኝ የለም።" ይህን ሲነግረኝ ፊቴን ወደ ሥራዬ መለስኩ። እሱ ራሱ "አንተም አታምነኝም፣ እኔም ራሴን አላምንም" አለ።

ዊሊስ ተባረረ። ስሙ በየመሥመሩ ተላከ፤ ከእንግዲህ የሚቀጥረው ሐዲድ የለም ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የዝምታ ነው። የሚብሰው ቀጥሎ ያለው ነው።

እኛ ዘንድ አባል ሲከሰስ ጉዳዩ በጉባኤ ፊት ይታያል። ቅዳሜ ተሰበሰቡ። ዊሊስ ቆሞ "ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ምስማሮቼን አውቃቸዋለሁ፤ አላበላሸሁም" አለ። የዳን እናት ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሽማግሌው ፓስተር ወደ ኤልከና ዞሩ።

"ወንድም ፕሩት፣ አንተ ስምንት ዓመት አብረኸው መዶሻ ጥለሃል። ከዚህ ቤት እጁን እንዳንተ የሚያውቀው የለም። ዊሊስ ምስማር ያበላሻል?"

ኤልከና ተነሳ። ሌቲ ነፍሰ ጡር ናት፣ አጠገቡ ተቀምጣለች። "አያበላሽም" ቢል ቀጣዩ ጥያቄ "ታዲያ ማን?" ነው።

"ሰው ነው" አለ። "ሰው ይደክማል።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዊሊስ ዘወር ብሎ አየው። ቢቆጣ ደግ ነበር፤ አልተቆጣም። ግራ እጁን ገልብጦ፣ መዳፉን፣ ከዚያ ጀርባውን፣ ከዚያ እንደገና መዳፉን አየ።

"አንተ ካልክ…" አለ ቀስ ብሎ። "አንተ ካልክማ እውነት ይሆናል። ከሰዓት ላይ ደክሞኝ ነበር። ለራሴ አልታወቀኝም ማለት ነው።"

ከዚያ ወደ ዳን እናት ሄዶ ተንበረከከ። በሰው ሁሉ ፊት፣ ባልሠራው ጥፋት፣ ይቅርታ ለመነ። ቀድሞ "አላበላሸሁም" ያለው ሐሰት ሆኖ ተቆጠረበትና ከዲያቆንነቱ ወረደ፤ ስሙም ከአባላት መዝገብ ተሰረዘ።

በሁለተኛው ሳምንት ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቴክሳስ ሄደ። ሊሰናበት መጥቶ ኤልከናን ጨበጠው። "ከእንግዲህ ከማን ጋር እንደምትመታ ተጠንቀቅ" አለው። ራሱን ማለቱ ነበር።

ኤልከና ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀመጠ። ሆድ ግን አልፈጀውም። በሦስተኛው ዓመት የሥራ ጓድ መሪ አደረጉት፤ በአምስተኛው በዊሊስ ወንበር ዲያቆን አድርገው አስቀመጡት። ተቀመጠ። "እምቢ ብል ለምን ይሉኛል" ነው ምክንያቱ። ጥፋት እንዲህ ነው፤ አንዴ መደበቅ ከጀመርክ ሹመቱንም መቀበል አለብህ።

ለሌቲ ነገራት። እሷም የዋዛ ሴት አልነበረችም።

"ማታ ማታ እግዚአብሔርን ይቅር በለኝ ስትል እሰማሃለሁ" አለችው። "እሱማ መቼ ከሥራ ተባረረ? ለተባረረው ሂድና ንገር!"

"የት አገኘዋለሁ?"

"ሲሄድ የት እንደሚሄድ ነግሮህ ነበር እኮ። ያኔ ነበር ጊዜው።"

ካፕቴን ሃስኪንስ ጡረታ ወጥቶ ሱቅ ሲከፍት ኤልከና ሄዶ አነጋገረው። ለቢሮው አንድ ደብዳቤ እንዲጽፍ ለመነው።

"ምን ብዬ?" አለ ካፕቴኑ።

"ጣውላዋን አይተሃል፣ ካፕቴን።"

"እኔ? እኔ ያየሁት ዘንግ ነው። ሐዲድ በጣውላ ሲለካ አይቼ ዝም የምል ሰው ነኝ?" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አርፈህ ተቀመጥ። ልጆች አሉህ" አለው። ካፕቴኑ አሁን በሕይወት የለም።

ሌቲ ካቻምና አረፈች። አምና በፋሲካ ሰሞን ኤልከና በጉባኤ ተነስቶ ሁሉንም ተናገረ፤ ጣውላዋን፣ ዝናቡን፣ "እንዴታ!" ያለውን፣ "ሰው ይደክማል" ያለውን። እኔም የሰማሁት ያን ቀን ነው። አንዲት አሮጊት "ተቀመጥ ወንድሜ፣ የደረቀ ቁስል አትፋቅ" አሉት። "የደረቀው የእኔ አይደለም፣ እናቴ" አላቸው። ወጣቱ ፓስተር መዝገቡን አስመጥቶ የዊሊስን ስም መልሶ ጻፈው። ኤልከና ከዲያቆን ወንበር ተነስቶ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ስሙ ተመለሰ፤ ሰውዬው ግን የለም። መዝገብ ላይ ያለ ስም እንዲህ ሆነልህ ብለው ቢነግሩት አይሰማም።

ከዚያ ወደ ዳን ሌድቤተር ሄደ። ዳን ባቡር ጣቢያው ደጃፍ ላይ የተቀቀለ ለውዝ ይሸጣል፤ የእንጨት እግሩን ዘርግቶ ነው የሚቀመጠው። ኤልከና ቆሞ ነገረው። ዳን ለውዝ መፈልፈሉን ሳያቆም እስከ መጨረሻው ሰማው።

"እንግዲህ" አለ "እኔ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ዊሊስን ስረግም ኖርኩ።"

"አውቃለሁ።"

"ጠዋት እግሬን ባሰርኩ ቁጥር። እርግማኑ ሁሉ የተሳሳተ ቤት ሄደ ማለት ነው?"

"አዎ።"

"አሁን ባንተ ላይ ከሀ ብዬ እንድጀምር ነው የምትፈልገው? አርጅቻለሁ እኮ ኤልከና! ትንፋሹ የለኝም።" አንድ ለውዝ ፈለፈለና "ዊሊስ እናቴ እግር ሥር ሲንበረከክ እዚያ ነበርክ?" አለው።

"ነበርኩ።"

"ለእግሬ ይቅር ልልህ እችል ይሆናል" አለ ዳን። "ለዚያ ግን እኔ አይደለሁም ይቅር የምልህ። ሂድ፣ ሰውዬውን ፈልገው።"

ፈልገነዋል። አራት ደብዳቤ በእጄ ወደ ቴክሳስ ጽፌለታለሁ። ሁለቱ ተመለሱ፣ ሁለቱ እንደ ወጡ ቀሩ። ባለፈው ጥር፣ የመኝታ ፉርጎ አስተናጋጅ የሆነ ሰው በዚህ ሲያልፍ አንድ ወሬ አመጣ። በቴክሳስ ምሥራቅ፣ ጥድ በሚቆረጥበት አገር፣ ከዓመታት በፊት አንድ ረዥም ግራኝ ሰው ያውቅ እንደነበር ነገረን። ሰውዬው ለሐዲድ አግዳሚ እንጨት ይጠርባል፤ ከመጥረቢያው ግን አያልፍም። ጋሪ ሲሰበር እንኳ "ምስማሩን ሌላ ሰው ይምታው፤ የእኔ እጅ አይታመንም" ይል ነበር አሉ። ስሙን አስተናጋጁ አያስታውስም። ጥርሱን ጠየቅነው። ፍንጭት ነው አለን።

ኤልከና ያን ቀን ወደ ሥራ አልተመለሰም። መሣሪያ ቤቴ ገብቶ አንድ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ቆይቶ "ጻፍልኝ" አለኝ። የሐዲድ ሰዎች ጋዜጣ ከዚህ እስከ ቴክሳስ በየጣቢያው ይነበባልና እዚያ እንዲወጣ ተስማማን። እኔ መጀመሪያ "ከልብ በመጸጸት" ብዬ ጀምሬ ነበር። አስነበበኝና እጁን አወዛወዘ።

"እሱን ሰርዘው። የእኔ መጸጸት ለማን ይጠቅማል? የምልህን ብቻ ጻፍ።"

ያለው ይኸውና፦

"ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ዊሊስ ታግል የሚባል ሰው ከአጠገባችሁ ካለ፣ አሁን ስድሳ አራት ዓመት ይሆነዋል፣ ረዥም ነው፣ በግራው ይሠራል። ሄዳችሁ አንድ ነገር ንገሩልኝ። 'ኤልከና ይቅርታ ይጠይቅሃል' ብላችሁ አትጀምሩ፤ ደግ ሰው ስለሆነ ወዲያው 'ይቅር ብዬዋለሁ' ይላችኋል፣ የቀረውን አይሰማም። መጀመሪያ ስለ ጥድ ወንዝ መታጠፊያ ንገሩት። 'የውስጡን ምስማር ኤልከና በጣውላ ነው የለካው፤ በዘንግ ለክቻለሁ ያለህ ውሸቱን ነው' በሉት። ሰባት ስምንተኛ ኢንች ይሰፋ ነበር በሉት። ሥራውን ያውቃል፤ ቁጥሩን ሲሰማ የቀረውን ራሱ ይደርስበታል። ሞቶ ከሆነ ልጆቹን ፈልጉና አባታችሁ አላበላሸም በሏቸው። ለእኔ መልስ መጻፍ አያስፈልግም። ቁጥሩን ብቻ አትርሱብኝ፤ ሰባት ስምንተኛ።"